እርማት፦ ስደተኞች ሱቅ የሚከፍቱት በማን ገንዘብ ነው?

«ስደተኞች ትልቅ ከተማ ገብተው ቶሎ ሱቅ የሚከፍቱት መንግሥት በነፃ ገንዘብ ስለሚያድላቸው ነው» የሚለው አስተያየት መታረም አለበት። ሌሊት ጭምር ሠርቶ ያጠራቀመን ሰው እንዲህ ማለት ያሳዝናል። መነሻው በአብዛኛው የራስ ቁጠባና የዘመድ ብድር ነው። ከዚያ እቁብ አለ፤ ኮሪያውያን ኬ፣ ቻይናውያን ሁዊ፣ ሜክሲኳውያን ታንዳ ይሉታል። 10 ሰዎች በየወሩ 1,000 ቢያዋጡ ባለዕጣው 10,000 ይወስዳል። ባንክ «የብድር ታሪክ የለህም» ብሎ የመለሰው ሰው የሱቁን ቀብድ የሚከፍለው በዚህ ነው። ደግሞ ነፃ ገንዘብ አይደለም። በመጀመሪያው ወር የደረሰው ሰው ቀሪዎቹን 9 ወራት ማዋጣት አለበት። ከጠፋ ኪሳራው የጓደኞቹ ነው፤ ዋስ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው።