ወንጪን በቴሌግራም የጎበኙ ጀግኖች

ሰው ዝም ብሎ ነው ሀበሻ መዝናናት አያውቅም የሚለው። አረ ተዉ! እስኪ ቴሌግራማችሁን ክፈቱና ወደ ታች ውረዱ፣ ከእድሩ ግሩፕና ከኮንዶሚኒየሙ ግሩፕ በታች "ወንጪ እንሂድ!!!" የሚል አንድ ግሩፕ አታጡም። ፕሮፋሉ ሀይቁ ነው፣ ከጎግል የወረደ። አባሉ ሰላሳ ምናምን፣ የሄደ ሰው ዜሮ። ዛሬ ላመሰግናቸው የፈለኩት እነዚህን ሰዎች ነው፣ ምክንያቱም መሄድማ ማንም ይሄዳል፣ ሳይሄዱ ይሄን ያህል መድከም ግን ከላይ የተሰጠ ጸጋ ነው።

የማያውቅ ካለ፣ ወንጪ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አምቦና ወሊሶ መሀል ያለ፣ የድሮ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሀይቅ ነው። ከላይ ገደሉ አፋፍ ላይ ስትቆም ከ3,000 ሜትር በላይ ነህ፣ ብርዱ ያንዘፈዝፍሀል፣ ታች ሀይቁ፣ ሀይቁ መሀል ደሴት፣ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም፣ እንሰቱ በየጓሮው፣ ፍል ውሀው፣ ፈረሱ፣ ጀልባው ሁሉም አለ። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው ውስጥ አስገብቶታል። ከዛ ደግሞ ገበታ ለሀገር መጣና ሎጅ ተሰራ፣ እና "ማደሪያ የለም እኮ" የምትለዋን፣ ስንት ዘመን ያገለገለችንን ምክንያት ቀሙን። ግሩፑ ግን እጅ አልሰጠም፣ በሶስተኛው ቀን "ማደሪያውማ አለ፣ ግን ውድ ነው አሉ" ተባለ። ማን እንዳለ አይታወቅም። ደውሎ የጠየቀም የለም፣ ምን አስደወለው፣ አሉ ከተባለ አሉ ነው።

በነገራችን ላይ "መንገዱ ሰላም ነው ወይ" ብሎ የሚጠይቀውን ሰው እዚህ ውስጥ አላስገባውም፣ እሱ የምር ጥያቄ ነው፣ ከመውጣት በፊት መጠየቅም አለበት። የሚገርመው ግሩፑ ውስጥ መልስ ያላገኘው ጥያቄ እሱ ብቻ መሆኑ ነው።

ትልቁ ክርክር በየት እንሂድ ነው። የወሊሶ ፓርቲ አለ፣ የአምቦ ፓርቲ አለ። ወሊሶዎቹ በሰበታ ወጥተን፣ ቱሉ ቦሎን አልፈን፣ ወሊሶ ቁርስ በልተን ወደ ላይ እንታጠፋለን ይላሉ። አምቦዎቹ ደሞ በሆለታ፣ አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ አርገን አምቦ ፍል ውሀ ዋኝተን ካልሄድን ምኑን ሄድነው ይላሉ። ማፕ በስክሪንሾት ይላካል፣ ስክሪንሾቱ ላይ በጣት ቀይ መስመር ይሰመራል፣ ሹፌር ያልሆነ ሰው ስለ ኩርባው ያስረዳል። ከሰበታ አልፎ የማያውቅ ልጅ "ቱሉ ቦሎ ጋ ትንሽ ይጨናነቃል" ሲል እኔ ባርኔጣዬን አነሳሁለት፣ ይሄ እኮ እውቀት ነው። አንዷ "በአንዱ ሄደን በአንዱ ብንመለስስ?" ብላ ጻፈች። ዝም ተባለች። የሚገባት ነው፣ እንዲህ አይነት ሰው ነው ክርክር የሚያበላሸው።

ከዛ ፖል ወጣ። ምርጫዎቹ አራት ናቸው፦ ቅዳሜ፣ እሁድ፣ ሁለቱም ይመቸኛል፣ እኔ እንደ ሰዉ። "እኔ እንደ ሰዉ" በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። እንግዲህ ሰዉ የሚባለው ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ሁሉም ሰዉን እየጠበቀ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ወንድማችን "በናታችሁ ለገና እመጣለሁ ጠብቁኝ" ብሎ ጻፈ፣ ሀያ ልብ ተለጠፈበት። የትኛው ገና እንደሆነ የጠየቀ የለም፣ እንግዳ አይጠየቅም።

ቀኑ የተቆረጠ ሲመስል ደግሞ የምግቡ ኮሚቴ ተቋቋመ። በግ እንግዛ፣ አይ ክትፎ ወሊሶ አለ፣ የለም የክርስቲያን ስጋ የማይበሉ ሙስሊም ጓደኞቻችን አሉ ስለዚህ ዓሳ ይሁን፣ ዓሳውን ማን ይጠብሳል፣ ድስት ማነው የሚያመጣ፣ ከሰል ይያዝ ወይስ እዛው ይገዛ። በቃ ልክ የሰርግ ድግስ። ሁሉም ከተስማማ በኋላ፣ ለሁለት ሳምንት ድምጿ ያልተሰማ አንድ እህት ብቅ ብላ "እንዴ ጾም አይደል እንዴ?" አለች። እንደገና ከሀ።

የብሩ ነገር ላይ እንለፍ፣ ታውቁታላችሁ። ሁሉም ሰው ሌላው በቴሌብር ካስገባ በኋላ ሊያስገባ ተዘጋጅቷል። ያስገቡት ሶስቱ ሰዎች ስክሪንሾታቸውን ፒን አድርገዋል፣ እስካሁንም አለ።

ዝግጅቱን ማንም ሊያቃልልብን አይችልም። አንዱ ጓደኛችን ብርዱን ፈርቶ ከቦንዳ ወፍራም ጃኬት ገዛ፣ ለገደሉ ብሎ ሶሉ እንደ ትራክተር ጎማ የሆነ ጫማ ገዛ። ወንጪ አልደረሰም ግን ጫማው ስራ አልፈታም፣ ለቅሶ ይደርስበታል። ባለፈው ድንኳን ውስጥ አንድ አዛውንት ዝቅ ብለው አይተውት "ልጄ፣ ከየት አገር ነው የመጣኸው?" አሉት፣ ከገርጂ ነው የመጣው።

አሁን እነዛ ዝም ብለው የሚሄዱትን ደግሞ እዩዋቸው፣ ኋላ ቀሮች! አርብ ማታ ሁለት ሰው ይደዋወላል፣ ቅዳሜ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤት ይወጣሉ፣ አለቀ። ውይይት የለ፣ ፖል የለ፣ ኮሚቴ የለ። ሀይቁ ድረስ ቁልቁል ይወርዱና ሲመለሱ ዳገቱ ትንፋሻቸውን ቀምቷቸው ፈረስ ይለምናሉ። ከነሱም ውስጥ የውሀ ላስቲኩን እዛው ጥሎ የሚመጣ፣ ስፒከሩን ለቆ ወፉን ሁሉ ከዛፍ የሚያባርር አለ። የኛ ግሩፕ አባላት ግን ወንጪ ላይ አንድ ላስቲክ ጥለው አያውቁም። አካባቢ ጥበቃ ማለት ይሄ ነው።

ፈረስና ጀልባ አከራይተው የሚያድሩት የአካባቢው ልጆች ትንሽ ሊከፋቸው ይችላል፣ ከኛ ምንም አላገኙማ። ቢሆንም ባዶ እጃቸውን አልቀሩም፣ አንዱ ፈረስ የሚጎትት ልጅ ፎቶ ግሩፑ ላይ ተለጥፎ አስራ አምስት ልብና ሶስት "ሲያምርርር" አግኝቷል። በልብ ገብስ የሚሸጥ ሱቅ ካለ ፈረሱ ጠግቦ ያድራል።

በመጨረሻ ያው ብሩ ጥያቄ ሆነ። ያስገቡት ሶስቱ "መልሱልን" አሉ፣ የተቀበለችው ልጅ ደግሞ "ከምመልስ ለምን አንድ ቦታ ተገናኝተን አንበላበትም" አለች፣ እና ቦሌ አካባቢ አንድ ክትፎ ቤት ተገናኙ። ሲገቡ ምን ቢያዩ ጥሩ ነው፣ ግድግዳው ላይ የወንጪ ሀይቅ ፖስተር፣ ያውም ትልቅ፣ ከጣሪያ እስከ ወንበር። ወንበሩን ገፋ አደረጉና ጃኬቱን ተራ በተራ እየተዋዋሱ ፊት ለፊቱ ተነሱ፣ አንዷ እጇን ዘርግታ ነፋስ የሚነፍስባት አስመስላ፣ የመብራቱን ማጥፊያ በጭንቅላታቸው ሸፍነው። "ፋይናሊ ወንጪ!" ብለው ለጠፉት።

ኮመንቱ ጎረፈ። ግማሹ እንኳን ደረሳችሁ ይላል፣ ግማሹ "ብርዱ እንዴት ነው?" ይላል፣ የሲልቨር ስፕሪንጉ "ጠብቁኝ ብዬ አልነበር" ብሎ ተቀየመ። ከሁሉም በላይ የተናደደው ግን "ሳትነግሩኝ ሄዳችሁ አይደል፣ አይቻችኋለሁ!" ብሎ የጻፈው ነው። የግሩፑ አድሚን ነው፣ ሚዩት አድርጎት ነው አሉ።