የሰው ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሲበላሽ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ሒሳቡ ላይ ገንዘብ ለሌለው ሰው ኤቲኤሙ እየቆጠረ ይሰጥ ነበር። ወሬው በቴሌግራም ተዛመተና በየዩኒቨርሲቲው ተማሪው ከአልጋው እየተነሳ ተሰለፈ። በኋላ ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር እንደወጣበት ተናገረ፣ አብዛኛውን አስመለሰ፣ አልመለሱም ያላቸውን ደንበኞች ደግሞ ስማቸውንና ፎቷቸውን አትሞ ቅርንጫፎቹ ደጃፍ ላይ ለጠፈ።

የሰው ገንዘብ የወሰደ ይመልስ፣ በዚህ ክርክር የለኝም። ፖሊስ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ፣ ባንኩም እከሳለሁ ብሎ ነበር፣ ይክሰስ። ግን ባንክ የደንበኛውን ፎቶ የሚይዘው ለምንድን ነው? ሒሳቡ የእሱ መሆኑን ለማወቅ ነው። ለዚህ ብሎ የተቀበለውን ፎቶ፣ ገና ዳኛ ፊት ያልቀረበን ሰው ለማሸማቀቅ መንገድ ላይ ማውጣት ሌላ ነገር ነው። ባንኩ ራሱ ችግሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን የሲስተም ማሻሻያ ሲሠራ የመጣ ነው ብሏል። ታዲያ እኛ ምን አደረግን? የተለጠፈውን በስልካችን እያነሳን ተቀባበልነው። የምናውቀው ሰው ይኖር ይሆን ብለን ፎቶውን እያጎላን ፈለግን። ከባንኩ ማን ተጠየቀ፣ የደንበኛን ፎቶ ደጃፍ ላይ ለጥፉ ያለው ማን ነው ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ወገኖቼ፣ ገበናው የሌላ ሰው ሲሆን ተመልካች ሆነን እንሰለፋለን። ነግ በኔ አንልም። ድርጅቶቹም ይህንን ጠንቅቀው ያውቁታል። የሚጠይቃቸው ሲጠፋ ደግሞ ይለምዱታል።

ሕግ የለም እንዳትሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወታችን እንዲከበር፣ ደብዳቤያችንና የስልክ ግንኙነታችን እንዳይደፈር ይላል። በዚያው በ2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጣ። አንብቡት። ለአንድ ጉዳይ የሰጣችሁትን መረጃ ድርጅቱ እንደፈለገ ለሌላ ጉዳይ ማዋል አይችልም። ስለ እኔ ምን ይዛችኋል ብላችሁ መጠየቅ፣ የተሳሳተውን ማሳረም፣ ያለ አግባብ የተያዘውን ማስጠፋት መብታችሁ ነው። መረጃ ካፈተለከ ድርጅቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው አካል፣ ማለትም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት። ይህ ሁሉ ግን ወረቀት ላይ ነው ያለው። ከወረቀት የሚነሳው አንድ ደንበኛ፣ ከዚያ ሌላ ደንበኛ፣ በጽሑፍ አመልክቶ መልስ ስጡኝ ብሎ ሲያስጨንቅ ነው። ስንቶቻችን አመልክተናል?

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። በ2014 መስከረም ወር መጨረሻ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ ፎቷቸውና ስማቸው ከውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ወጣ። የትግራይ ተወላጅ ናቸው፣ ጊዜው ደግሞ የጦርነት ጊዜ ነው። የሚኖሩበት አካባቢም ተጻፈ። ጥቅምት 24 ቀን ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሱለት ለኩባንያው አመልክቼ ነበር፣ መልስ የመጣልኝ አባቴ ከሞተ በኋላ ነው ይላል። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እኮ ከዚያ በፊት ወጥቷል፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅት ጥቆማ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ለማንሳት እንዲሠራ ያዛል።

ልጃቸው ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2015 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ተከራከረ፣ በ2017 ግን ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከኢትዮጵያ ገበያ የሚያተርፍ ኩባንያ በሰው ነፍስ ሲጠየቅ ቢሮዬ እዚያ የለም ብሎ ማምለጥ የለበትም፣ እኛም ጉዳዩን ልክ እንደ ምርጫና እንደ ጦርነት ዜና መከታተል ነበረብን።

ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር። ያንን ጽሑፍ የጻፈው ካሊፎርኒያ ያለ መሐንዲስ አይደለም። የኩባንያው ማሽን አሰራጨው፣ የጻፉት፣ ላይክ ያደረጉት፣ ሼር ያደረጉትና ከሥር የዛቱት ግን የእኛው ሰዎች ናቸው። አንዳንዱ ምናልባት ሳያነብ ነው የነካው። ሜታ ቢፈረድበትም የእነዚያ ሰዎች ድርሻ አይሰረዝም። ዛሬም አንድ ሰው ሲያናድደን የመጀመሪያ ሥራችን ፎቶውን ፈልጎ፣ የሚሠራበትን መሥሪያ ቤት ጽፎ፣ ስልኩን ጨምሮ መልቀቅ ነው። ባለቤቱንና ልጆቹን ሳይቀር። እባካችሁ ተዉ። ሰውየው ጥፋተኛ ከሆነ ጥፋቱን ጻፉ፣ ማስረጃውን አውጡ። የቤቱ አድራሻ ለክርክራችሁ ምን ይጨምራል?

ወደ ዕለት ኑሯችን ስመለስ ደግሞ የራሳችንን ገበና እንዴት እንደምንበትን አያለሁ። ማንኛውም ፎቶ ኮፒ ቤት ግቡ። አንዷ ፋይዳዋን ልታሳትም ትመጣለች፣ «በቴሌግራም ላኪልኝ» ይላታል ልጁ፣ ትልክለታለች። ስክሪኑ ላይ የሃያ የሠላሳ ሰው መታወቂያ ተደርድሯል፤ ፎቶ፣ የትውልድ ቀን፣ ስልክ፣ የፋይዳ ቁጥር፣ ወረዳ። ታትሞ ሲያልቅ ማንም አጥፋው አይልም፣ ልጁም አያጠፋም። ክፋት ኖሮበት አይደለም፣ ያስተማረው የለም። ከዚያ አንድ ቀን ስልካችሁ ይጮኻል፣ «ከባንክ ነው የምንደውለው» ብሎ ስማችሁን እስከ አያታችሁ ይጠራላችኋል፣ የተወለዳችሁበትን ቀን ይነግራችኋል፣ ታምኑታላችሁ፣ በመልእክት የመጣላችሁን ቁጥር ትነግሩታላችሁ። የስምና የቁጥር ነገር ይህን ያህል ነው። ለፋይዳ ስትመዘገቡ የአሥር ጣት አሻራና የዓይናችሁን ምስል ጭምር ሰጥታችኋል፣ እሱን የያዘውን ተቋም ደግሞ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ እጅግ በበለጠ አጥብቃችሁ ልትጠይቁት ይገባል።

ስለዚህ የምላችሁ ይህ ነው። መታወቂያችሁን ስታሳትሙ ፋይሉ ሲጠፋ ቆማችሁ እዩ፣ ከቴሌግራሙም ከኮምፒውተሩም። ሕንፃ በር ላይ፣ ክሊኒክ ውስጥ፣ የብድር አፕ ላይ መታወቂያ አምጡ ስትባሉ ለምን እንደሚፈለግ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚጠፋ ጠይቁ። ጠያቂው ቢቆጣም ጠይቁ። ባንካችሁ ወይም ቴሌኮማችሁ መረጃችሁን ያለ ፈቃድ ቢያወጣ ፌስቡክ ላይ ተሳድባችሁ አትለፉ፣ በጽሑፍ አመልክቱ፣ ቅጂውን ያዙ፣ መልስ ካጣችሁ ባለሥልጣኑ ጋ ሂዱ። የግሩፕ አድሚን የሆናችሁ ደግሞ የሰው መታወቂያ፣ ፎቶ ወይም አድራሻ ሲለጠፍ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ተመልካቹ ሳይበዛ አጥፉት፣ የለጠፈውንም ለምን እንዳጠፋችሁበት በውስጥ መስመር ንገሩት።