ዝጋ ሲሉት የሚከፈት ማስታወቂያ

ሰው ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የሚከራይ ቤት ሊያይ ነጻ ድረ ገጽ ይከፍታል፤ ገና ዋጋውን ሳያነብ የቁማር ማስታወቂያ ስክሪኑን ይሸፍነዋል። የመዝጊያዋ ምልክት ጤፍ ታክላለች፤ ሲነኳት ሌላ ገጽ ትከፍታለች። ይሄ ሁሉ በተጠቃሚው ካርድ ነው! በሜጋባይት የተገዛ ዳታ ማንም ባልጠየቀው ቪዲዮ ያልቃል።

የገጹ ባለቤት ወጪ እንዳለበት ይገባናል። ዶሜን (የገጹ አድራሻ ስም) በዓመት ከ10 ዶላር በላይ፣ ትንሽ ሰርቨር (ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) በወር 5 ዶላር ገደማ። ያቺ 5 ዶላር ከሐምሌ 2016 በፊት በባንክ 285 ብር አካባቢ ነበረች፤ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆናለች። ለገጽ ባለቤቶች ማስታወቂያ የሚያቀርበው ጎግል አድሴንስ ደግሞ አማርኛን ከሚደግፋቸው ቋንቋዎች አላስገባም። ስለዚህ ብዙው የሚወድቀው ያገኙትን ሁሉ በሚያስተዋውቁ ደላሎች እጅ ነው፤ ገጹ ላይ እንዲገባ የሰጡት ኮድ ነገ ምን እንደሚያሳይ ባለቤቱ ራሱ አይቆጣጠርም።

ግን ሌላ መንገድ አለ እኮ! እዚያው ድሬዳዋ ካሉት ከታይዋን ገበያ ወይም ከከዚራ ሰፈር ሱቆች በወር ክፍያ እየተቀበሉ፣ ከ50 ኪሎባይት የማትበልጥ የማትንቀሳቀስ አንዲት የማስታወቂያ ምስል ከርዕሱ ስር መለጠፍ። በስልክ የተነሳ የ3 ሜጋባይት የቤት ፎቶም ስፋቱ ወደ 1,000 ፒክስል ተቀንሶ በዌብፒ (ፋይሉን በሚያሳንስ የምስል ዓይነት) ቢቀመጥ 100 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል፤ ሰርቨሩም አይጨናነቅም፣ የሰው ካርድም አይቃጠልም። ይሄም ካቃተ፣ ቢያንስ የመዝጊያዋን ምልክት ጣት የሚያገኛት አድርጓት!