የኤስኤቲ ውጤት፦ ይላክ ወይስ ይቅር?

የክርክሩ ርዕስ፦ «የኤስኤቲን (የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና) ውጤት መላክ ግዴታ ባልሆነባቸው የአሜሪካ ኮሌጆች፣ ከገቡት ተማሪዎች መካከለኛ ውጤት በታች ያመጣ አይላክ።»

ይቅር ባይ፦ ኮሌጁ ስለ ተማሪዎቹ በየዓመቱ የሚያወጣውን የአሃዝ ሰነድ፣ ኮመን ዳታ ሴትን ክፈቱ። ሲ9 በሚባለው ክፍሉ ላይ የገቡት ተማሪዎች 25ኛ፣ 50ኛና 75ኛ ፐርሰንታይል ተጽፏል (25ኛው ከመቶው 25ቱ ከሱ በታች ያመጡበት ውጤት ነው፤ 50ኛው መካከለኛው)። ከ50ኛው በታች ከሆናችሁ ዝም በሉ። ደጋግማችሁ ተፈትናችሁ ከላካችሁም ከፍ ያለውን አንድ ቀን ብቻ። ስኮር ቾይስ (የየትኛው ፈተና ቀን ውጤት እንደሚላክ መምረጥ) ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተፈቀደው ለዚህ ነው።

ይላክ ባይ፦ «አንድ ቀን ብቻ»? እስቲ እናስላው። ማርች ላይ ንባብና ጽሑፍ 680፣ ሒሳብ 590፤ ድምሩ 1270። ኦክቶበር ላይ 640 እና 690፤ ድምሩ 1330። በእርስዎ ምክር 1330 ይሄዳል። ሱፐርስኮር የሚያደርግ ኮሌጅ ግን ሁለቱም ቀን ከደረሰው 680ን ከ690 ደምሮ 1370 ይይዝለታል። ስኮር ቾይስ ቀን እንጂ ክፍል አያስመርጥም፤ የማርችን ንባብ ብቻ ቆርጦ መላክ የለም። 40 ነጥብ በምክር ጠፋ!

ይቅር ባይ፦ ይህንንማ ሕፃንም ያውቀዋል። የተነሳው የሲ9 ጉዳይ ነው።

ይላክ ባይ፦ ሕፃኑ ያውቃል፤ «አንድ ቀን ብቻ» ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት። ሲ9ንም እንየው፤ ከመቶው ስንቱ ውጤቱን እንደላከም እዚያው ተጽፏል። ዝቅ ያለው ሁሉ ከደበቀ የሚቆጠረው ከፍ ያለው ብቻ ነው፤ መካከለኛው ሽቅብ ይወጣል፣ እርስዎም ተጨማሪ ልጅ ዝም ያሰኛሉ። ዳርትማውዝ ኮሌጅ በ2024 እ.ኤ.አ. ፈተናውን ወደ ግዴታ ሲመልስ አንዱ ምክንያቱ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ልጆች የሚጠቅማቸውን ውጤት መደበቃቸው ነበር። ስምዎ ይቅር ባይ ሆኖ ለልጆቹ ምሕረት የለዎትም።

ይቅር ባይ፦ በስም መቀለድ ክርክር አይደለም። ደግሞም ግዴታ ያደረገ ኮሌጅ ከርዕሳችን ውጭ ነው። ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪው የተፈተነበትን ቀን ሁሉ ውጤት ይጠይቃል፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቢላክለትም ለቅበላ አያየውም። እኔ የማስበው ሳንቲም ለሚቆጥር ቤተሰብ ነው። ውጤቱን ለኮሌጅ የሚያደርሰው ይፋዊ ሪፖርት ይከፈልበታል። ከፈተናው ጋር የሚሰጡት አራት ነፃ ሪፖርቶችም ወጥመድ ናቸው፤ የሚመረጡት ከፈተናው በኋላ እስከ 9 ቀን ድረስ፣ ውጤቱ ሳይታይ ነው።

ይላክ ባይ፦ አሁን ደግሞ ነገሩ ገንዘብ ሆነ? ከፈተና ክፍያ ነፃ የተደረገ ተማሪ የፈለገውን ያህል ሪፖርት በነፃ ይልካል። ብዙ ኮሌጆችም ተማሪው ራሱ ማመልከቻው ላይ የሞላውን ቁጥር ተቀብለው፣ ይፋዊውን ሪፖርት ከቅበላ በኋላ ነው የሚጠይቁት። ብቻ አሃዙ ከሪፖርቱ ጋር ይግጠም፤ ካልገጠመ የተሰጠው ቅበላ ሊሰረዝ ይችላል።

ይቅር ባይ፦ እንግዲያው 25ኛው 1480 ለሆነ ኮሌጅ 1370 ይላክ ነው የሚሉት?

ይላክ ባይ፦ ከ50ኛው ተነስተው 25ኛው ላይ ወረዱ፤ ደግ ነው። አሁን «አንድ ቀን ብቻ» የሚለውን ያንሱልኝ።

ይቅር ባይ፦ ሱፐርስኮር ለማያደርግ ኮሌጅ ልክ ነው። አላነሳም።