ክርክር፦ ስም የባለቤቱ ነው ወይስ የሱቁ?

ለገጣፎ ውስጥ አንድ የባልትና ሱቅ አለ። የሚጠራው በአንዲት እናት ስም ነው። እናትየዋ ስድስት ዓመት በርበሬና ሽሮ ስታዘጋጅበት ቆይታ ከፋሲካ በኋላ ለቀቀች። ታፔላው ግን አልወረደም። ልጇና ባለ ሱቁ እንዲህ ተጻጻፉ።

ልጅ፦ ጋሼ፣ እናቴ ከእርስዎ ጋር መሥራት ካቆመች ወራት አለፉ። እሽጉ ላይ ግን ዛሬም ስሟ አለ። እሁድ ዕለት ጎረቤታችን ግማሽ ኪሎ ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ምን ነካሽ? ኮረሪማው የት ገባ?» አለቻት። እናቴ ፈትታ አሸተተችውና መልሳ አሰረችው። ምንም አልተነፈሰችም። ባልሠራችው በርበሬ ተወቀሰች። ስም ንብረት ነው ጋሼ። መንግሥት እንኳ ለይርጋጨፌ፣ ለሐረርና ለሲዳሞ ቡና ስሞች ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ተከራክሮ በ1999 ዓ.ም. ተስማምቷል። የአገር ስም ባለቤት ካለው የሰው ስም እንዴት ያጣል?

ባለ ሱቁ፦ «ስም ንብረት ነው» አልሽ ልጄ። ንብረት ይሸጣል፣ በዕዳም ይያዛል። የአያትሽን ስም ባንክ አስይዘሽ ትበደሪያለሽ? በእናትሽ ስም የሚጠሩ ሴቶች ከዚህ እስከ ኮተቤ ስንት ናቸው? ሁሉም ይክሰሱኝ? ታፔላውን ያሠራሁት እኔ ነኝ። ኪራዩም ንግድ ፈቃዱም የኔ ነው። ሰው ስሟን ያወቀው በኔ ቀለም ነው።

ልጅ፦ «በኔ ቀለም»? ይህን ለእናቴ ማንበብ አቃተኝ። ዛላውን ስትቀነጥስ እጇ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃጥላት ያደረው በቀለም ነው? የሌላ ሰው እህል እንዳይቀላቀልባት ወፍጮ ቤት ቆማ የምታስፈጨውስ? ታፔላው ሳይኖር በፊት የሰርግ ቤቶች ከሰንዳፋ ድረስ ይጠሯት ነበር። የስመ ሞክሼዎቿ ፎቶ ደግሞ እሽጉ ላይ የለም። የእሷ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይቀርብ ይከለክላል።

ባለ ሱቁ፦ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ስቃ ነው የተነሳችው! ማን አስገደዳት? ደሞዟን አንድ ወር አላሳለፍኩም። አባትሽ ሲታመም ያመላለሰችው የኔ መኪና ናት። እና ዛሬ ሌባ ልባል? ደግሞ የንግድ ምልክት የሚጠበቀው ሲመዘገብ ነው፤ ለ7 ዓመት፣ ከዚያም እየታደሰ። መንግሥትም ለቡናው ምዝገባ ነው የጠየቀው። እናትሽ አስመዝግባለች? ንብረት ካልሽ ወረቀቱን አምጪ።

ልጅ፦ የንብረቱን ነገር ይተዉት። ፎቶውን የተነሳችው ለራሷ በርበሬ ነው፤ ለሌላ ሰው በርበሬ አይደለም። የአባቴን ሕመም ባያነሱት ጥሩ ነበር። ውለታዎን አንድ ቀን አልረሳንም። ግን ውለታ በስም ይከፈላል? ገንዘብ አልጠየቅንዎትም። «በቀለም» ያሉትን ቃል ይመልሱልን፣ ፎቶውንም ያንሱልን።

ባለ ሱቁ፦ ፎቶው ላይ ወረቀት አስለጥፍበታለሁ። ታፔላውን ግን አላወርድም፤ ደንበኛዬ የሚያውቀው እሱን ነው። እኔስ አልተጎዳሁም? ስድስት ዓመት አብረን ሠርተን፣ አንድ ጠዋት ቁልፉን ለሱቁ ልጅ ሰጥታ ሄደች። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልነገረችኝም። ራሷ ትምጣና ትንገረኝ።

ልጅ፦ ቅዳሜ ትመጣለች። ያንን ግማሽ ኪሎ ይዛ ነው የምትመጣው። አብራችሁ ትቀምሱታላችሁ።