ቤቱን ይዞ ተራራ ለወጣው አባወራ

በጋ በመጣ ቁጥር ሰው ሁሉ በአርቪ ነጂዎች ላይ ማማረር ይጀምራል። መንገድ ዘጉ፣ ረበሹ፣ አቆሸሹ ይላል። አንድ የሚያመሰግናቸው የለም። ነውር ነው! ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ፣ ቤት የሚያህል መኪና ተከራይቶ፣ የአሜሪካን የሮኪ ተራሮች ሊያይ የሚወጣ ሰው ቢያንስ አንድ አጨብጫቢ ይገባዋል። እኔ አለሁ።

መቼም አርቪን የማያውቅ ካለ፣ ሞተር የተገጠመለት ቤት ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሻወር፣ ሽንት ቤት፣ ሁሉም አለው። ትልልቆቹ ከ10 ሜትር በላይ ይረዝማሉ። ደግነቱ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች የተለመደችው መንጃ ፈቃድ ትበቃለች። እስከ ትናንት ትንሽዬ አውቶሞቢል ሲነዳ የኖረ ሰው ዛሬ ጠዋት አጭር ማብራሪያ ይሰማል፣ ይፈርማል፣ ቁልፍ ይቀበላል። ከዚያ አምስት ጓደኞቹን ከኋላ ጭኖ ተራራ ይወጣል። እንዲህ ያለ ልብ ከየት ይገኛል?

ሌላው ጎብኚ ያሳዝናል። ድንኳን ይተክላል፣ ብርድ ሲጠብሰው ያድራል፣ ጠዋት ወገቡን ይዞ ይነሳል። ምናለ አርፎ ቤቱ ቢቀመጥ! የኛ አባወራ ግን ሁለቱንም አግኝቷል። ቤቱም ተቀምጧል፣ ተራራውም በመስኮት ያልፋል። ታዲያ ቤቱ ከሆነ በዙሪያው ያለው ሁሉ ግቢው መሆኑ ግልጽ ነው። መንገዱም፣ ጎሹም፣ ዛፉም፣ የጎረቤቱ እንቅልፍም። ይህቺን ቀላል ነገር ነው ሰው መረዳት ያቃተው።

ከዳገቱ እንጀምር። ኮሎራዶ ውስጥ፣ በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ፣ ትሬይል ሪጅ የሚባል መንገድ አለ። ጫፉ ላይ 3,713 ሜትር ይደርሳል። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ተርቦ የሚባለው አየር መግፊያ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፣ ስለዚህ ጫፍ ሲደርስ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ጉልበቱ ሄዷል። በዚህ ላይ ስድስት ሰው፣ ሙሉ የውሃ ታንከርና ለወር የሚበቃ አስቤዛ ተጭኗል። መኪናው ያቃስታል። አባወራው ግን አይቸኩልም። ምን አስቸኮለው? ቤቱ ነው ያለው።

ከኋላው አንድ መኪና ይደርሳል። ከዚያ ሦስት ይሆናል። ከዚያ ሰባት። አባወራው በስፖኪዮ ያያቸዋል፣ ልቡም ይሞላል። ከጋብቻው ቀን ወዲህ እንዲህ ያለ አጃቢ አግኝቶ አያውቅም። በጎን በኩል ዘገምተኛ መኪና ወጣ ብሎ ሌላውን የሚያሳልፍበት ቦታ ተሠርቷል። ቀድሞ የሚያስታውቅ ምልክትም ተተክሏል። አባወራው ምልክቱን ያነባል፣ ጓደኞቹም ያነቡታል። ቦታው ይመጣል፣ ያልፋል። ሌላው ይመጣል፣ እሱም ያልፋል። እንደ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ያሉ ግዛቶች እንዲያውም ሕግ አውጥተዋል፤ ባለ ሁለት መስመር መንገድ ላይ አዝግመህ አምስት መኪና ከተከተለህ፣ አመቺ ቦታ ስታገኝ ወጥተህ አሳልፍ ይላል። የምቀኛ ሕግ! ሰው አጃቢ ሲያገኝ ዓይናቸው ይቀላል።

ከኋላ ያለችው መጀመሪያዋ መኪና ጣሪያዋ ላይ ሁለት ብስክሌት ጭናለች። ነጂው ቢጫውን መስመር አለፍ ብሎ አንገቱን ያወጣል። ከፊት ኩርባ ያያል፣ ይመለሳል። እንደገና ያወጣል፣ እንደገና ይመለሳል። መሪውን በጣቱ ይደበድባል። አርቪው ውስጥ ሶፋ ላይ የተጋደመው ጓደኛ በኋላው መስኮት ይህን እያየ እንዲህ ይላል፦

«ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው? ተፈጥሮ ሊያይ አይደል እንዴ የመጣው? እያየ ይምጣ!»

ፍልስፍና ማለት ይሄ ነው። ሰውዬው ላለፈው ግማሽ ሰዓት የሚያየው የአርቪውን የኋላ መሰላል ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከተፈጥሮ ማዕድን የተሠራ ነው።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። መንገዱ ቀና ይላል፣ ተጨማሪ ማለፊያ መስመር ይከፈታል። ያኔ የጠፋው ጉልበት በሙሉ ይመለሳል። ሲያቃስት የነበረው ሞተር ይጮሃል፣ ቤቱ ይበራል፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ ያሉት ሳህኖች እርስ በርስ ይጨባበጣሉ። ብስክሌት የጫነችው መኪና ሳትደርስበት መስመሩ ያልቃል። ኩርባው ይመጣል። አባወራው ወደ ቀድሞ ዝግታው ይመለሳል።

ቁልቁለቱም የራሱ ሞገስ አለው። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ በሚሄደው አውራ ጎዳና ላይ፣ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ አለ። ከእሱ ሲወጡ መንገዱ በየ100 ሜትሩ እስከ 7 ሜትር ይወርዳል። ማርሽ ቀንስ፣ ሞተሩ ይያዝህ ይላሉ የሚያውቁት። ፍሬኑን ሳያቋርጥ የሚረግጥ ሰው ሸራውን ያግለዋል፣ ዘይቱንም ሊያፈላው ይችላል፤ ከዚያ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይሰማም። አባወራችን ግን ፍሬን የተሠራው ለመረገጥ ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች ይረግጠዋል። መሃል ላይ የሆነ ነገር መሽተት ይጀምራል።

«የምን ሽታ ነው?» ትላለች አንዷ።

«የውጭ ነው፣ መስኮቱን ዝጊው።»

ችግሩ ተፈታ። በመንገዱ ዳር ፍሬን ለከዳው መኪና ማምለጫ የሚሆኑ ጠጠር የሞላባቸው ሽቅብ መንገዶች ተሠርተዋል። ጓደኞቹ ፎቶ ያነሷቸዋል።

ሞንታና ደግሞ ሌላ ክብር ይጠብቃቸዋል። ግሌሸር ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ የሚያልፈው ጎይንግ ቱ ዘ ሰን የሚባለው መንገድ በ1932 እ.ኤ.አ. ነው ተሠርቶ ያለቀው። ገደል ላይ የተቀረጸ ቀጭን መንገድ ነው። በአንድ ወገን ቋጥኙ ወደ መንገዱ አጎንብሷል፣ በሌላው ወገን ባዶ አየር ነው። ስለዚህ በተራራው ክፍል ላይ ከ6.4 ሜትር የሚረዝም ወይም መስታወቱን ጨምሮ ከ2.4 ሜትር የሚሰፋ ተሽከርካሪ አያልፍም። ምልክቱ ትልቅ ነው። በድረ ገጹም ላይ አለ። የኪራይ ወረቀቱ ላይ ደግሞ የመኪናው ርዝመት ተጽፏል፤ 9 ሜትር። ታዲያ ምልክት የሚጻፈው ለሌላ ሰው አይደል? «ትንሽ ብናልፍ ነው» ይላል አባወራው። ጓደኞቹም ሜትር ስለሌላቸው ይስማማሉ።

የፓርኩ ሠራተኛ በትህትና ታስቆማቸዋለች። መዞር ግድ ይላል። እዚህ ላይ ነው የጓደኝነት ትርጉም የሚታየው። አምስቱም ዘለው ይወርዳሉ። አምስቱም ረዳት ይሆናሉ። አንዱ ከኋላ ሆኖ «ና! ና! ና!» ይላል። ሌላዋ ከጎን «ቁም! ቁም!» ትጮሃለች። ሦስተኛው «ግራ ስበር!» ይላል፤ የማን ግራ እንደሆነ ግን አይናገርም። አራተኛው ቪዲዮ ይቀርጻል። አምስተኛዋ ከኋላ የቆሙትን መኪኖች እጇን ዘርግታ ታስቆማለች፤ ቀድሞውንም መንቀሳቀሻ አልነበራቸውም። አባወራው መሪውን ይጠመዝዛል፣ ላቡ ይወርዳል፣ የኋላው ጥግ አንዲት ምስኪን ቁጥቋጦ ይገጫል። «በቃ! በቃ! በቃ!» ሁሉም በአንድ ድምፅ። ይህን ያህል ጊዜ ሲፈጅ ግራና ቀኝ የቆመው ሕዝብ በነፃ ትርዒት አይቷል። ትኬት የጠየቀው የለም።

የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ሲደርሱ ደግሞ እንስሳቱ ግቢያቸው ውስጥ ይገባሉ። እዚያ ሕጉ ቀላል ነው። ከጎሽ ቢያንስ 23 ሜትር፣ ከድብና ከተኩላ 91 ሜትር መራቅ ነው። ጎሽ ከሰው በሦስት እጥፍ ይሮጣል፣ በፓርኩ ውስጥም ከየትኛውም እንስሳ በላይ ሰው የጎዳው እሱ ነው። ይሄ ሁሉ ግን የሚመለከተው እንግዶችን ነው። አባወራችን አርቪውን መንገዱ መሃል ያቆመዋል፣ በሩ ይከፈታል፣ ጓደኞቹ ይፈስሳሉ። አንዱ ከጎሹ ጋር ራሱን ፎቶ ለማንሳት ጀርባውን ይሰጠዋል። ጀርባ መስጠት የመተማመን ምልክት ነው። ጎሹ ጭራውን ቀጥ አድርጎ ሲያቆም ደግሞ ሰላምታ ይመስላቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2016 እዚያው ፓርክ ውስጥ የሆነውን ማስታወስ ይገባል። ጎብኚዎች አንድ የጎሽ ጥጃ አዩ። በረደው ብለው አዘኑለትና አንስተው መኪናቸው ውስጥ ጫኑት። አርቪ አልነበረም፣ መንፈሱ ግን ያው ነው፤ ቤት ያለው ሰው ቤት የሌለውን ያስገባል። የፓርኩ ሠራተኞች ጥጃውን ከመንጋው ጋር ሊቀላቅሉት ደጋግመው ሞከሩ። መንጋው አልቀበልም አለ። ጥጃው ሰውና መኪና ባየ ቁጥር እየተጠጋ ስላስቸገረ መጨረሻ ላይ ሠራተኞቹ ራሳቸው እንዲሞት አደረጉት። ደግነት እንዲህ ሩቅ ይሄዳል።

ማታ ካምፕ ላይ ስለሚሆነው ብዙ አልልም። በብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አለአግባብ መረበሽ ክልክል ነው። ጄኔሬተሩ ግን ሰዓት አያውቅም። አርቪው ዙሪያ የተንጠለጠለው ባለቀለም መብራት መብራት አለበት፣ ስፒከሩም መሞላት አለበት። አጠገቡ በድንኳን ያደረው ሰው ከዋክብት ለማየት 1,000 ኪሎ ሜትር ነድቶ መጥቷል። አሁን ቀይና አረንጓዴ ያያል። ቅሬታ የለውም፣ ቢኖረውም አይሰማም።

የሽንት ቤቱን ታንከር ግን ሳላነሳ አላልፍም፤ የጓደኝነት እውነተኛ መዝገብ እዚያ ነው። አርቪ ሁለት የቆሻሻ ታንከር አለው። አንዱ የሽንት ቤቱ፣ ሌላው የእቃና የገላ እጣቢው። በወጉ መደፊያ ጣቢያ ይኬዳል፣ ቱቦ ይገጠማል፣ መጀመሪያ የሽንት ቤቱ፣ ቀጥሎ እጣቢው ይለቀቃል፤ እጣቢው ቱቦውን ያጥባላ። ጓንት ማጥለቅ ያስፈልጋል። ጓንቱ ሲወጣ አምስቱ ረዳቶች የት እንደገቡ አይታወቅም። አንዱ አስቸኳይ ስልክ ተደውሎለታል። አንዷ በረዶ ልትገዛ ሄዳለች። ሁለቱ ስለ ተራሮቹ አፈጣጠር ድንገት ጥልቅ ውይይት ጀምረዋል። አምስተኛው ተኝቷል፣ በቀትር። አባወራው ብቻውን ጓንቱን ለብሶ ይቆማል፣ ቱቦውን ያያል፣ ሰማዩንም ያያል።

አንዳንዱ ደግሞ ከዚህ ጣጣ የሚገላግል ዘዴ አለው። በጨለማ ከመንገድ ወጣ ብሎ የእጣቢውን መክፈቻ ላላ ያደርጋል። በፓርኩ ውስጥ መሬት ላይ መድፋት የተከለከለ መሆኑን ያውቃል። «ውሃ እኮ ነው፣ ለዛፉም ይጠቅመዋል» ይላል። ዛፉ በሕይወቱ የሻምፑና የቅባት መረቅ ጠጥቶ አያውቅም፤ ለምን ይቅርበት?

የመጨረሻው ቀን ላይ መኪናው ሲመለስ ነዳጅ የሚከፈልበት ሰዓት ይመጣል። በ100 ኪሎ ሜትር 25 ሊትር ገደማ ይጠጣል ቢባል ቅር አይበል፤ ቤት ነው የሚጓዘው። ስድስቱ ሒሳቡን ለማካፈል ስልካቸውን ያወጣሉ። መኝታው ከሽንት ቤቱ አጠገብ የነበረው ቅናሽ ይጠይቃል። የኋላው ጥግ ላይ ያለውን ጭረት ማንም አያውቀውም፤ ቁጥቋጦዋ ናት ይላሉ፣ መንገድ ላይ ቆማ ነበር።

ደስ የሚለው ግን በዚያው ቀን ለከርሞ መነጋገራቸው ነው። ይሄኛው ጠቦናል ብለዋል። የከርሞው 12 ሜትር ነው፣ ሲቆም ጎኑ በቁልፍ ወደ ውጭ ይሰፋል፣ ከኋላው ደግሞ ትንሽ መኪና ይጎትታል። አባወራውም ተስማምቷል። እናንተ ከኋላ የምትከተሉ፣ ታንከራችሁን ሞልታችሁ ምሳችሁን ቋጥራችሁ ውጡ።