ውሃ የበላው ድምፅ

አውሮፓ ውስጥ ምርጫ በተካሄደ ቁጥር ያው የተለመደ ሙሾ ይወርዳል። "ፖፑሊስቶች (ተራው ሕዝብ በልሂቃን ተከዳ እያሉ ድምፅ የሚጠይቁት) መጡ፣ ዴሞክራሲ አለቀላት!" ጥፋተኛው ሁሌም መራጩ ነው። አልተማረም፣ ስደተኛ ይጠላል፣ በፌስቡክ ወሬ ይነዳል። ለእኔ ይሄ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ፈረንሳይን እንይ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2005 የአውሮፓ ሕገ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ። 55 በመቶ የሚሆነው መራጭ "አይሆንም" አለ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ የሰነዱ አብዛኛው ይዘት የሊዝበን ስምምነት ተብሎ ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ዙር ሕዝቡን የጠየቀው የለም። ፓርላማው አጽድቆት አረፈው። በ2023 ደግሞ የጡረታ ዕድሜ ከ62 ወደ 64 ሲገፋ ሰዉ አደባባይ ወጥቶ ጮኸ። መንግሥት በታችኛው ምክር ቤት ማሸነፉን ሲጠራጠር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49.3 ያለ ድምፅ አሳለፈው። ሕጋዊ ነው፣ አልካድኩም። ሕጋዊ የሆነ ሁሉ ግን ሆድ አያሽርም።

የ2024ቱ ይብሳል። ፕሬዚዳንት ማክሮን ምክር ቤቱን በትነው ድንገተኛ ምርጫ ጠሩ። የቀኝ አክራሪዋን የማሪን ለፔንን ፓርቲ ለማገድ ግራውና መሃሉ አንዱ ለሌላው ሲል ዕጩዎቹን ከውድድር አስወጣ። መራጩም አፍንጫውን ይዞ የማይወደውን መረጠ። ብዙ ወንበር ያገኘው የግራው ጥምረት ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ግን ከኋላ ከቀረው የቀኝ ፓርቲ የመጡት ሚሼል ባርኒዬ ናቸው። መንግሥታቸው ውሎ ማደር የቻለው ለፔን ዝም ስላሉ ብቻ ነው። ዲሴምበር ላይ ለፔን መንግሥቱን ለመጣል ከግራው ጋር አብረው እጅ አወጡ፣ ባርኒዬም ወደቁ። እንግዲህ ለፔንን ለማስቆም የወጣ ሰው፣ ድምፁ በለፔን መልካም ፈቃድ ለሚኖር መንግሥት ሲውል ቢያይ ምን ይበል?

ኤነን ቦሞን የምትባል ከተማ አለች፣ በሰሜን ፈረንሳይ። ድሮ በድንጋይ ከሰል የምትኖር፣ የሶሻሊስቶች ቤት ነበረች። በ2003 አጠገቧ ያለው የእርሳስና የዚንክ ማቅለጫ ፋብሪካ ተዘጋና ከ800 በላይ ሠራተኛ ተበተነ። በ2009 ሶሻሊስቱ ከንቲባ በሕዝብ ገንዘብ ምዝበራ ታሰረ። በ2014 የለፔን ፓርቲ ከተማዋን በመጀመሪያው ዙር ወሰዳት። በ2020 ደግሞ 74 በመቶ! ይሄን ሁሉ ሰው ዘረኛ ብሎ መገላገል ይቻላል። ቀላል ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ የት ነበራችሁ ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አይሆንም።

ለፔን የተሻለ መድኃኒት ይዘዋል እያልኩ አይደለም። ሌቦች ናቸው እያሉ ሲያወግዙ የኖሩት ሴትዮ በ2025 እሳቸውም በአውሮፓ ፓርላማ ገንዘብ ምዝበራ ተፈርዶባቸው ይግባኝ ብለዋል። "ፈረንሳዊ ይቅደም" የሚለው ፖሊሲያቸው ደግሞ እዚያ ሠርቶ ግብር የሚከፍለውን የውጭ ዜጋ ከማኅበራዊ ድጎማ የሚያስወጣ ነው። ሐበሻውንም ጨምሮ።

የመሃል ፓርቲዎች ግን አሁንም ከ"እነሱ እንዳይመጡ" የተሻለ ቅስቀሳ አላገኙም። በዚህ ቅስቀሳ ፕሬዚዳንት ሺራክ በ2002 የለፔንን አባት 82 ለ18 ዘረሯቸው። በ2022 ማክሮን ልጅየዋን ያሸነፉት 58.5 ለ41.5 ነው።